ቅብጥብጥ ልጅ ገበያ ሲወጣ

የገበያ ቀን ለገበሬ ቤተሰብ ትልቅ ቀን ነው። እናት እንቁላሏን በጭድ ደልድላ፣ አባት እህሉን በአህያ ጭኖ በጠዋት ይወጣሉ። የሳምንቱ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና የልጆች ደብተር የሚገኘው ከዚያ ቀን ሽያጭ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ብር ገና እጅ ሳይገባ ሥራ ተሰጥቶታል።

ታዲያ አንዳንድ ወላጅ ልጁን ይዞ ገበያ ሲወጣ ይቸገራል። ልጁ ሸንኮራ አገዳ ሲያይ «ግዙልኝ» ይላል። አገዳውን ሳይጨርስ ፊኛ ያያል። ፊኛው ሳይፈነዳ ከረሜላ ያምረዋል። እምቢ ሲባል መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ወይም የእናቱን እጅ ለቆ በሰውና በከብት መሀል ይሮጣል። ሰው ዞሮ ያያል። አንዱ «ምነው፣ ይህን ልጅ አትቀጪውም?» ይላል። ሌላው «አሞላቃችሁት እኮ!» ይላል። እናት ታፍራለች። ወይ ለሳሙና ያሰበችውን ብር ለከረሜላ ታወጣለች፤ ወይ ልጁን ትመታለች። በሁለቱም መንገድ ወደ ቤት የምትመለሰው ተቃጥላ ነው።

ልጅ ሁሉ ያየውን ይመኛል። ይህ ያለ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ እጅግ ይቸገራሉ። ምክር ቢሰጣቸውም፣ ቢቀጡም፣ ራሳቸውም «ሁለተኛ አይለመደኝም» ቢሉ በማግስቱ ያንኑ ይደግሙታል። ይህ ትምህርት ስለ እነዚህ ልጆች ነው። ልጁ ለምን እንዲህ እንደሚሆንና ወላጅ ምን ማድረግ እንደሚችል እንመለከታለን።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ለዚህ ችግር ስም አላቸው። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይሉታል። በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል «ኤ-ዲ-ኤች-ዲ» ተብሎ ይጠራል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። ስለዚህ አንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ መገኘቱ ሊያስደንቅ አይገባም።

ችግሩ ሦስት ዋና ዋና ምልክቶች አሉት።

ሀ. ትኩረት ማጣት። ልጁ የጀመረውን አይጨርስም። ዕቃ ይጥላል። ሲላክ የተላከበትን መንገድ ላይ ይረሳል።

ለ. መቅበጥበጥ። ተቀመጥ ሲባል አይቀመጥም። እጁና እግሩ አያርፍም። ወሬው አያልቅም።

ሐ. ሳያስቡ ማድረግ። ተራውን አይጠብቅም። ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ያማረውን ነገር አሁኑኑ ይፈልጋል።

አንድ ልጅ ሦስቱንም ሊያሳይ ይችላል፤ አንዱን ብቻም ሊያሳይ ይችላል። በተለይ ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ሳይቀበጠበጡ በሐሳብ ጭልጥ ስለሚሉ ችግራቸው ሳይታወቅ ይቀራል። «ሰነፍ ናት» ተብለው ይታለፋሉ።

ግን ልብ በሉ! አንድ ቀን የቀበጠ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ሐኪም ይህን ስም የሚሰጠው ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀምር፣ ቢያንስ 6 ወር ሲቆይ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታይና የልጁን ኑሮ ሲያውክ ነው።

ይህ ችግር የዛሬ ግኝት አይደለም። ጆርጅ ስቲል የሚባል የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1902 ሎንደን ላይ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ለሐኪሞች ንግግር አድርጎ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ አእምሯቸው ብሩህ፣ አስተዳደጋቸውም መልካም ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት ግን ይሳናቸው እንደነበር ገልጿል።

ታዲያ ምንጩ ምንድን ነው? ችግሩ በአንጎል ዕድገት ላይ ያለ ልዩነት ነው። ብዙውን ጊዜ በዘር ይተላለፋል። አባት ወይም እናት በልጅነታቸው እንዲሁ ቅብጥብጥ የነበሩበት ቤት ብዙ ነው። የእርግማን ውጤት አይደለም። የቡዳ ሥራ አይደለም። እናት ስላሞላቀቀችው የመጣም አይደለም። ስኳርና ከረሜላ ልጅን ያቀበጠብጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህም በጥናት ተፈትሾ እውነት ሆኖ አልተገኘም። ከረሜላ ጥርስ ያበላሻል፤ ቅብጥብጥነትን ግን አያመጣም።

2. ገበያ ለምን ያስቸግረዋል?

እንዲህ ያለ ልጅ ትእዛዙን ስላላወቀ አይደለም የሚያጠፋው። ያውቀዋል። ቢጠይቁት ደህና አድርጎ ይነግራችኋል። የሚሳነው ፍላጎቱ በመጣባት ሰዓት ራሱን መግታት ነው። ቁልቁለት ላይ የሚሮጥ ሰው መቆም እንዳለበት እያወቀ እግሩን ማቆም እንደሚያቅተው ማለት ነው።

ገበያ ደግሞ ትልቅ ቁልቁለት ነው። ቀለሙ፣ ጩኸቱ፣ ሽታው፣ ሰዉ ሁሉ ልጁን በአንድ ጊዜ ይጠራዋል። እናቱ ዋጋ ስትከራከር ቆሞ መጠበቅ አለበት። መጠበቅ ደግሞ ለእርሱ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ከነገ ዶሮ ይልቅ የዛሬ እንቁላል ይበልጥበታል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዋልተር ሚሸል የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትንንሽ ልጆችን ሲያጠና ነበር። ልጆቹን «ቆይታችሁ ከጠበቃችሁኝ የተሻለውን ታገኛላችሁ፤ ካልቻላችሁ ያነሰውን አሁን ውሰዱ» እያለ ይፈትናቸው ነበር። ጣፋጩ ዓይናቸው ፊት ሲቀመጥ ቶሎ ተሸነፉ። ከዓይናቸው ሲሰወር ግን ብዙ ቆዩ። የተለወጠው የሚያዩት ነገር ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልጅ እንዲታገሥ ከፈለግን «ታገሥ!» ብሎ መቆጣት ብቻውን አይበቃም። ፈተናውን ማቅለል ያስፈልጋል።

3. በልምና ብዛት የሚገኝ «እሺ»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ልጅ ከረሜላ ይለምናል እንበል። እናቱ 9 ጊዜ እምቢ አለችው። በ10ኛው ሰለቻትና ገዛችለት። ልጁ ምን ተማረ? «እምቢ ማለት እምቢ ነው» ብሎ አልተማረም። «10 ጊዜ ከለመንኩ ይገኛል» ብሎ ተማረ። በሚቀጥለው ገበያ 10 ጊዜ ይለምናል። በ10ኛው ካልተሰጠው ደግሞ ይጮኻል። በጩኸቱ ከተገዛለት በሦስተኛው ገበያ ገና ከመጀመሪያው ይጮኻል።

ቢ. ኤፍ. ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ነገር በአይጦችና በእርግቦች ላይ አጥንቶታል። ሁልጊዜ ምግብ ያገኝ የነበረ እንስሳ ምግቡ ሲቋረጥበት ቶሎ ይተወዋል። አንዳንዴ ብቻ ያገኝ የነበረው ግን ሳይታክት ረዥም ጊዜ ይሞክራል። «ምናልባት አሁን ይመጣ ይሆናል» እንደ ማለት ነው። የሰው ልጅ እርግብ አይደለም። ቢሆንም በዚህ ነገር ይመሳሰላል። አንዳንዴ የሚሰጥ «እሺ» ልምናን ያጠነክራል።

ስለሆነም ምክሩ አጭር ነው። የምትሰጡ ከሆነ ሳይለምን ስጡ። የማትሰጡ ከሆነ ቢለምንም አትስጡ። እሺም እምቢም የሚወሰነው ገበያ መሀል ሳይሆን እቤት ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ልምና አያዋጣም ብሎ ልጁ እስኪያውቅ ድረስ ለጥቂት ሳምንት ልምናው ሊብስ ይችላል። ይህ ሲሆን «ምክሩ አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት። የለመደውን በር አጥብቆ እያንኳኳ ነው። በሩ እንደማይከፈት ሲያውቅ ማንኳኳቱን ይቀንሳል።

4. ከቤት ከመውጣት በፊት

አንደኛ፦ የሚገዛውን ጻፉ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ይጠቅማችኋል። በቁራጭ ወረቀት ላይ «ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ደብተር» ብላችሁ ጻፉ። ልጁ ማንበብ ከጀመረ እርሱ ያንብበው። በመጨረሻው መስመር የእርሱን አንድ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «አገዳ»። ገበያ ላይ ሌላ ነገር ሲጠይቅ ወረቀቱን አሳዩት፤ «ወረቀቱ ላይ የለም» በሉት። ጠቡ ከእናንተ ጋር መሆኑ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ የልጁ ድርሻ ትንሽ ይሁን፤ ግን እርግጠኛ ይሁን። ምንም የማይቻልበት ሳምንት ካለ እውነቱን ከቤት ንገሩት። «ዛሬ ያንተ የለም። ቆሎ ቋጥረን እንሄዳለን» በሉት። ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ግን ይጎዳል።

ሦስተኛ፦ አንድ ደንብ ብቻ አስታውሱት። አሥር ደንብ አይይዝም። «ቅርጫቱን አትልቀቅ» ይበቃል። መኪናና የሚራገጥ ከብት ባለበት ገበያ ይህ ደንብ ሕይወት ያድናል።

አራተኛ፦ በደንብ አብሉት፤ ያጠጡትም። የራበውና እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ራሱን መግታት ይበልጥ ያቅተዋል።

አምስተኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊት ልጁ ራሱ እንዲናገር አድርጉ። እንዲህ፦

— ዛሬ የምንገዛው ምን ምንድን ነው የኔ ልጅ?
— ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ደብተር።
— ያንተስ?
— አንድ አገዳ።
— መቼ ነው የሚገዛው?
— ደብተሩ ከተገዛ በኋላ።
— ደንባችንስ?
— ቅርጫቱን አልለቅም እማዬ።

ይህ ንግግር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በገበያ መሀል ግን የግማሽ ሰዓት ጠብ ሊያስቀር ይችላል።

5. ገበያ ውስጥ

ሀ. መንገዳችሁን ምረጡ። አገዳና ከረሜላ በሚሸጥበት መደዳ አትለፉ። ዞር ያለውን መንገድ ያዙ። ያላየው ነገር አይፈትነውም። የእርሱ ድርሻ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ወደዚያ መደዳ የምትሄዱትም መጨረሻ ላይ ይሁን።

ለ. ጠጠር ስጡት። የምትገዙት 4 ዓይነት ዕቃ ከሆነ 4 ጠጠር ኪሱ ውስጥ ይክተት። ጨው ሲገዛ አንዱን ይጣል። ሳሙና ሲገዛ ሁለተኛውን ይጣል። ጠጠሩ ሲያልቅ ተራው የእርሱ ነው። «ቆይ፣ ትንሽ ጠብቅ» የሚለው ቃል ለዚህ ልጅ መጨረሻ የለውም። ጠጠር ግን በእጅ ይያዛል፤ ስንት እንደቀረው ይቆጠራል።

ሐ. ሥራ ስጡት። ሥራ የፈታ እጅ ያየውን ይነካል። ቅርጫት ይያዝ፤ የሎሚውን ፍሬ ይቁጠር፤ ሳሙናውን ይምረጥ። እነዚህ ልጆች ጉልበታቸውና ፍጥነታቸው ብዙ ነው። ሥራ ሲያገኝ ረድኤት ይሆናል።

መ. ደህና ሲሆን ወዲያው ተናገሩ። ብዙ ጊዜ ልጁን የምናስታውሰው ሲያጠፋ ነው። ቅርጫቱን ይዞ ሲቆም «ጎሽ! እንደ ትልቅ ሰው ቆምክ» በሉት። ምስጋናው ቤት እስክትገቡ አይቆይ፤ እዚያው ይሁን።

ሠ. ሲለምን አንድ መልስ በአጭሩ ስጡ። «ወረቀቱ ላይ የለም። አገዳህ ሁለት ጠጠር ቀርቶታል።» ከዚያ ወዲያ አትከራከሩ። ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ። ረዥም ምክር በዚያ ሰዓት አይሰማም።

ረ. «ብር የለኝም» ብላችሁ አትዋሹ። ልጁ ብሩን ስትቀበሉ አይቷል። ከአፍታ በኋላ ለዘይት ስትከፍሉ ያያል። ያን ጊዜ ቃላችሁ ይረክሳል። «ብሩ የዘይት ነው» በሉት። ይህ እውነት ነው፤ ስለ ቤቱ ኑሮም ያስተምረዋል።

ሰ. ከተናደደና ከተንከባለለ ከግርግሩ ዞር አድርጉት። ጥላ ካለ ጥላ ሥር አስቀምጡት። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እስኪበርድለት ጠብቁ። ሰው ቢያይም ይይ። የምታሳድጉት ልጃችሁን እንጂ የተመልካቹን ወሬ አይደለም።

ሸ. ጉዞውን አሳጥሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ይዛችሁት አትዋሉ። አንድ ሰዓት ደህና ከዋለ በሚቀጥለው ሁለት ሰዓት ሞክሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ጠጠሩ ሲያልቅ ቃላችሁን ጠብቁ። አገዳውን ግዙለት። «ዛሬ መሽቷል፤ ለሚቀጥለው ሳምንት» አትበሉት። በኋላ ላይ በተደረገ አንድ ጥናት ቃሉን ሲጠብቅ ያዩት ሰው «ጠብቁ» ያላቸው ልጆች፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው ካዘዛቸው ልጆች ይልቅ ብዙ ጊዜ ጠብቀዋል። ልጅ የሚታገሠው መጠበቅ እንደሚያዋጣ ሲያምን ነው። ትዕግሥቱ የሚበቅለው በእናንተ ቃል ላይ ነው።

6. ከገበያ መልስ

ማታ እሳት ዳር ሆናችሁ ደህና የሆነውን ነገር አንሡ። «ዛሬ ሦስት ጠጠር እስክትጥል ቅርጫቱን አልለቀቅህም» በሉት። ጥፋቱን ብቻ መዘርዘር ልጁን ተስፋ ያስቆርጠዋል። ቀኑን ሙሉ «ባለጌ፣ እብድ፣ የማይረባ» የሚባል ልጅ ራሱን እንደዚያው ማየት ይጀምራል። በኋላ ትምህርቱን የሚጠላውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ገበያ ላይ ኳስ ወይም ጫማ አይቶ ከተመኘ ምኞቱን አትናቁት። ወረቀት ላይ «ኳስ» ብላችሁ ጻፉለት። በሳምንቱ ስትጠይቁት ምኞቱን ረስቶት ሊሆን ይችላል። ካልረሳው ግድግዳ ላይ በከሰል አራት መስመር አስምሩ። ገንዘብ በተጠራቀመበት ሳምንት ሁሉ አንዱን መስመር ይሰርዝ። ሩቅ የሆነው ነገር በዓይን ሲታይ ይቀርብለታል።

7. የማይረዱ ነገሮች

ዱላ አይረዳም። ዱላ ልጁን ለጊዜው ያስፈራዋል እንጂ ራሱን እንዴት እንደሚገታ አያሳየውም። የጎደለው ደግሞ ፍርሃት አይደለም። በተደጋጋሚ የሚመታ ልጅ ይዋሻል፤ ይሸሻል፤ ታናናሾቹን ይመታል።

ቤት ዘግቶበት ወይም አስሮት መሄድም አደጋ አለው። እሳትና ውሃ ባለበት ቤት ብቻውን የተዘጋ ቅብጥብጥ ልጅ ሊሞት ይችላል። ከባድ ገበያ ሲሆን ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ጋር መተው ይሻላል።

ወላጆች እርስ በርስ መጣረሳቸውም ይጎዳል። እናት እምቢ ያለችውን አባት በስውር ከገዛለት፣ አያትም ካባበሉበት፣ ልጁ የሚማረው ከአንዱ ወደ ሌላው መዞርን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ።

8. ወደ ጤና ጣቢያ መቼ እንሂድ?

ልጁ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚቸገር ከሆነ፣ ከእኩዮቹ ጋር መኖር ካቃተው፣ ወይም ደጋግሞ አደጋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ። እርሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትመራችኋለች። እዚያ በመጀመሪያ ሌላ ምክንያት አለመኖሩ ይታያል። በደንብ የማይሰማ ወይም የማያይ ልጅ ትኩረት የሌለው ሊመስል ይችላል። የሚጥል በሽታ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የደም ማነስና ረሃብም እንዲሁ ያስመስላሉ።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው እርዳታ ለወላጅ የሚሰጥ ትምህርትና ምክር ነው። ለአንዳንድ ልጆች ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል። መድኃኒቱ የሚወሰደው በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ ነው። አስፈላጊ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይጽፍላችኋል። ልጁን ጠበል የሚያስጠምቅ ቤተሰብም ከጤና ጣቢያ መቅረት የለበትም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አስተማሪውንም አነጋግሩ። ልጁ ከፊት ቢቀመጥና ሰሌዳ ማጥፋት የመሳሰለ ሥራ ቢሰጠው ትምህርቱን የተሻለ ሊከታተል ይችላል።

ማጠቃለያ

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። ቅብጥብጥ ልጅም ከነቅብጥብጥነቱ ልጃችን ነው። ይህ ችግር በአንድ ገበያ አይለቅም። ብዙዎቹ ሲያድጉ እየተረጋጉ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ትልቅ ሆነውም ይቸገራሉ። የወላጅ ሥራ ልጁን በአንድ ቀን መለወጥ አይደለም። መጠበቅን በትንሽ በትንሹ ማስለመድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ብር አይደለም። ቁራጭ ወረቀት፣ አራት ጠጠርና የማይታጠፍ ቃል ነው።

እንወያይበት

1. በቅብጥብጥ ልጅና በአንድ ቀን በቀበጠ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በ10ኛው ልምና የተገዛለት ልጅ ምን ይማራል?
3. ጠጠሩ ልጁን እንዴት ይረዳዋል?
4. «ብር የለኝም» ከማለት «ብሩ የዘይት ነው» ማለት ለምን ይሻላል?
5. በመንደራችሁ «ባለጌ» የሚባል ልጅ አለ? ቤተሰቡን እንዴት ልትረዱ ትችላላችሁ?

እንሥራ

ለሚቀጥለው ገበያ የምትገዙትን 4 ዕቃ በደብተራችሁ ጻፉ። በመጨረሻው መስመር የልጃችሁን ድርሻ ጻፉ። ከዚያ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ አንብቡለት።

የቃላት ፍቺ

ትኩረት — ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ
ምሕጻረ ቃል — ረዥም ስም በአጭሩ ሲጻፍ
መግታት — መያዝ፣ እንዳያልፍ ማቆም
መደዳ — አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበት ረድፍ
ድርሻ — ለአንድ ሰው የሚደርሰው ክፍል